«ፎቶውስ ይሁን፣ እናቴን እንዴት ይሰርቁኛል?»

ሰሞኑን አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ዝግጅት ክፍላችን ድረስ መጣች። ወንበር ብስብላት አልተቀመጠችም። ስልኳን አውጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቧት» አለችኝ።

አነበብኩ። ስለ አንዲት እናት ነው። ጥጡን ራሳቸው ፈልቅቀው፣ አባዝተው፣ ፈትለው፣ በእንዝርት ሰባት ልጅ ስላሳደጉ እናት። በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ ሆድ ያባባል።

«ግሩም ነው። ማን ጻፈው?»

«እህቴ። እናትየዋም የኛ እናት ናት።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ሱቁ ነዋ የኛ ያልሆነው!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ፎቶውን ወሰዱ፣ እሺ ይሁን። የዋጋ ዝርዝሩን ወሰዱ፣ ይሁን። እናቴን እንዴት ይሰርቁኛል?»

በዚህ ዓምድ ስንት ጉድ ሰምቻለሁ! ፍቅረኛ የተነጠቀ፣ ብድር የተካደ፣ ሠርጉ ዋዜማ ላይ የተፋረሰ… እናቱን የተሰረቀ ሰው ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እናላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ታናሽየዋ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጋር እየዋለች የሐበሻ ቀሚስ ታሠራለች። ታላቅየዋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ቀን ሥራ ትውላለች፣ ማታ ማታ ለድረ ገጻቸው ትጽፋለች፣ ትዕዛዝ ትቀበላለች። ድረ ገጹን ከሦስት ዓመት በፊት ሲከፍቱ ገንዘብ ስላልነበራቸው ሞዴል አልቀጠሩም። ታናሽየዋ ራሷ ለብሳ ቆመች። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ታላቅየዋ የእናታቸውን ታሪክ ጻፈች። ልጅቷ እንደነገረችኝ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቃቸው ስለ ቀሚሱ አይደለም፣ ስለ እናታቸው ነው።

አንድ ሌሊት ታላቅየዋ ከሥራ ስትገባ ኢሜይሏ ላይ የስድብ መዓት ጠበቃት። ዴንቨር ከምትኖር ሙሽራ የተላከ ነው። «ሌቦች! አራት መቶ ዶላር ተቀብላችሁ ይሄን ጨርቅ ላካችሁልኝ? ሠርጌ አሥር ቀን ቀርቶታል!» ይላል። ፎቶም አያይዛለች። ፈትል ተብሎ የተላከላት ፖሊስተር ነው። ጥበቡ የተጠለፈ ሳይሆን በማሽን የታተመ ነው።

እህትማማቾቹ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ተቀብለው አያውቁም። ለካስ ሙሽራዪቱ የገዛችው ከሌላ ድረ ገጽ ኖሯል! ፎቶው አንድ፣ ጽሑፉ አንድ፣ ለብሳ የቆመችውም ልጅ አንድ። ሙሽራዪት ሱቁን ስልክ አላነሳልሽ ሲላት ፎቶውን ጉግል ላይ ፈለገች፣ እነዚህን አገኘች፣ «ስማቸውን ቀይረው ነው» ብላ ተሳደበች። ይፈረድባታል? እኔ አልፈርድባትም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የከፋው። ታላቅየዋ ያንን ድረ ገጽ ከፍታ ስታይ ሦስት ፎቶዎች አስደነገጧት። እነዚያ ሦስቱ እነሱም ጋር ገና ያልወጡ፣ ለመጪው በዓል የተቀመጡ ናቸው። ያሉት ታናሽየዋ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ሌሊት ደወለች።

«ፎቶዎቹን ለማን ሸጥሽ?»

በቃ! ይህች አንዲት ጥያቄ ሦስት ዓመት አብረው የሠሩ እህትማማቾችን አኮራረፈች። «እትዬ እኔን ሌባ አለችኝ» ትላለች ታናሽየዋ፣ አሁንም ስታስታውሰው ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ታላቅየዋ በበኩሏ ለፋሲካ ለራሷ ያሠራችውን ቀሚስ በማግሥቱ ጠቅልላ ወደ ዴንቨር ላከችው። በነጻ! ታናሽ ይህንን ስትሰማ ጭራሽ ነደደች። «ያላጠፋነውን እንከፍላለን እንዴ? ይሄ እኮ ጥፋተኛ ነን ማለት ነው!»

እውነቱን ለመናገር እኔም የታናሽየዋ ወገን ነበርኩ። ግን ደግሞ አስቡት፣ ስድቡ የተጻፈው በእነሱ ስም ነው። ሙሽራ ደግሞ አንዴ ነው የምትዳረው (ቢያንስ በዕቅድ ደረጃ)። ሙሽራዪት ቀሚሱ ሲደርሳት አልቅሳ አመስግናለች አሉ። የጻፈችውን ስድብ ከየቦታው ለማንሳት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

ልጅቷ እኔ ዘንድ የመጣችው በኩርፊያው በአራተኛው ቀን ነው። የመጣችበትን ስጠይቃት ሦስት ነገር ለማድረግ ወስናለች። አንደኛ፣ ሌባዋን ባለሱቅ ደውላ ልክ ልኳን መንገር። ሁለተኛ፣ ቲክቶክ ላይ ወጥታ ማጋለጥ። ሦስተኛ፣ ጥለታችንን ሰረቁ ብላ መክሰስ።

«ሦስቱንም ተዪያቸው» አልኳት።

«ለምን?»

«መጀመሪያ ቡና እንጠጣ።»

ቡናው ላይ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ኮምፒዩተር ላይ ያደገ ልጅ ነው። ስንት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሲፈታ አይቼዋለሁ። ገና እንደተቀመጠ የጠየቃት ጥያቄ «ያንን ገጽ አስቀምጠሽዋል?» የሚል ነበር።

አላስቀመጠችም። ስልኳ ላይ ብቻ ታየዋለች። ወዳጆቼ፣ ይቺን ያዙልኝ። ባለሱቋ ላይ ያን ቀን ብትጮህባት ኖሮ ሴትየዋ በአምስት ደቂቃ ገጹን ታጠፋውና «ምን ሠራሁ?» ትል ነበር። የተሰረቀ በሬ ሥጋው ካለቀ በኋላ ምኑን ታስመሰክራላችሁ? ስለዚህ ከመጮህ በፊት ማስረጃ። የገጹ ሙሉ አድራሻና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሹት፣ ገጽ በገጽ። ከዚያ ወረቀት ላይ ማተም። ከዚያ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል አሜሪካ ያለ ድርጅት ዌይባክ ማሽን የሚል አገልግሎት አለው፤ የአንድን ገጽ አድራሻ ስትሰጡት የዚያን ዕለት መልኩን ቀድቶ ከነቀኑ ያስቀምጥላችኋል። ሌባው የራሱን ገጽ ቢያጠፋም ያኛው ቅጂ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ለሁሉም ገጽ እንደዚያ አደረገ። በዚያው የእህትማማቾቹን ድረ ገጽ ፈለገና ከሁለት ዓመት በፊት የተቀዳ መልኩን አገኘ። የእናትየው ታሪክ እዚያ ላይ አለ። የሌባው ድረ ገጽ ዶሜን የተመዘገበው ግን ገና ከአምስት ወር በፊት ነው። ማን ከማን እንደቀዳ ከዚህ በላይ ምን ይመስክር?

ይመስክር ካላችሁ ደግሞ ሌላም አለ። የእህቴ ልጅ ገጹን ወደታች፣ ወደታች ሲያወርድ ድንገት ሳቁን ለቀቀው። ዕቃ ስለ መመለስ በሚያወራው በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ የእህትማማቾቹ ሱቅ ስም እንዳለ ተቀምጧል! ሌባው ሁሉን ቀይሮ ያቺን ረስቷታል። ሌባ ሰነፍ ነው። ሰነፍ ባይሆንማ የራሱን ይጽፍ ነበር።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት የእህቴ ልጅ። «እነዚያ ያልወጡት ሦስት ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር ካንቺ ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም። እኔ ብቻ ነኝ… ውይ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለበዓሉ ገጹን እንዲያሰማምረው ፎልደሩን በሙሉ የላከችለት አንድ ሰው አለ። ድረ ገጻቸውን የሠራላቸው ልጅ። ዴቨሎፐሩ!

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ስናያቸው አሠራራቸው የአንድ እጅ መሆኑ ለእኔ ለመሃይሙ እንኳ ታየኝ። ልጁ ለእነሱ የሠራውን ድረ ገጽ ከነሆድ ዕቃው፣ ከነፎቶው፣ ከነእናትየው ለሌላ ደንበኛ ሸጦታል። ስሙን ብቻ ቀይሮ! ታናሽየዋ ወዲያው ስልኳን አንስታ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ያህል በረንዳ ላይ ስታለቅስ፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ ቆየች። ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። ስትመለስ «ታረቅን» አለችኝ። እኔ ብሆን ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ገና ነው።

አሁን ደግሞ ልጁን ልክ ልኩን ልትነግረው ፈለገች። የእህቴ ልጅ እንደገና አስቆማት።

«ዶሜናችሁ በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«በኛ ነዋ።»

ታየ። በእነሱ አይደለም። በልጁ ስም፣ በልጁ ኢሜይል ነው። ፓስወርዱም እሱ ጋ ነው። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? ቤቱን እናንተ ሠርታችሁ ካርታው በአናጺው ስም ወጣ ማለት ነው። ያን ዕለት ብትሰድበው ኖሮ ሱቃቸውን በአንድ ጣት ይዘጋባቸው ነበር። እናንተም ድረ ገጽ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ አቋርጣችሁ ተመልከቱ። ዶሜኑ በስማችሁና በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። ሠሪው ጎበዝ ይሁን፣ ዘመድ ይሁን፣ እጮኛ ይሁን ለውጥ የለውም። (እጮኛማ ይባስ!)

ደግነቱ የዶሜኑ ዓመታዊ እድሳት ደርሶ ነበር። ልጅቷ ድምጿን አለስልሳ «ወንድሜ፣ ዘንድሮ እድሳቱን ከአሜሪካ እህቴ ስለምትከፍለው ወደ እሷ አካውንት አዛውርልን» ብላ ጻፈችለት። ውሸት አይደለም፣ በገንዘባቸው የገዙት የራሳቸው ንብረት ነው። በሁለተኛው ቀን አዛወረላቸው። የዚያኑ ማታ ፓስወርድ በሙሉ ተቀየረ። እፎይ!

እስቲ አሁን ወደ ሦስተኛው ውሳኔዋ ልመለስ፤ «ጥለታችንን ሰረቁ» ወደሚለው። ለዚህ ጠበቃ ወዳጄን አማከርኩት። ሳቀብኝ። «ጥበብ እኮ የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ማንም ተነስቶ የኔ ነው ሊል አይችልም» አለኝ። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን ወይም አሠራርን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። «የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እሸጣለሁ» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው። ነገ ጎረቤታችሁ ተነስታ ያንኑ ብትሠራ ቅናታችሁን ዋጥ አድርጉት። ታላቅየዋ ቁጭ ብላ የጻፈችው ታሪክ ግን የሷ ነው። የተነሳው ፎቶ ሥራ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ መብቱ የሚገኘው በምዝገባ አይደለም። ሥራው የራስ ፈጠራ ከሆነና በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ግዘፍ ከነሳ ያኔውኑ ጥበቃ አለው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ግን ለማስረጃ ይጠቅማል። የሱቁ ስምና ምልክት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የንግድ ምልክት ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት መመዝገብ ይኖርበታል።

«ብንከሰውስ ምን እናገኛለን?» አለች ልጅቷ። ጠበቃው እንዳለው ፍርድ ቤት ድርጊቱን ሊያስቆም ይችላል፣ የደረሰውንም ጉዳት ያስከፍላል። ከዚያ በላይ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአዋጁ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ተደርጓል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ቦግ አለ። ጠበቃው ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰባት። «ቀጠሮው አለ፣ ምስክሩ አለ፣ እኔም አለሁ። እኔ በነጻ አልቆምም።»

ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ። እኔ ራሴ ነኝ ያረቀቅሁት፣ ከፈለጋችሁ ለራሳችሁ አስተካክላችሁ ውሰዱት (ይሄን መቅዳት ፈቅጃለሁ!)።

«እርስዎ በሚሸጡበት ድረ ገጽ ላይ የእኛ የሆኑ ፎቶዎችና ጽሑፎች ያለ ፈቃዳችን ወጥተው አግኝተናል። የእያንዳንዳቸውን አድራሻና የእኛን ዋና ሥራ ከዚህ ጋር አያይዘናል። ከየት እንዳገኟቸው አናውቅም፤ ምናልባት እርስዎም ሳያውቁ የሆነ ሊሆን ይችላል። በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያነሷቸው፣ ማንሳትዎንም በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ በሕግ ያለንን መብት እንጠቀማለን።»

ልጅቷ አልወደደችውም። «‹ሳያውቁ› ምንድነው? ‹አንቺ ሌባ› የሚል የለውም እንዴ?» የለውም። ይህ ደብዳቤ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል። ዳኛው ደግሞ የሰደበውን ሳይሆን የጨዋውን ሰው ነው የሚወደው። ለቲክቶኩም ምክንያቴ ይኸው ነው። ሰው በአደባባይ «ሌባ» ብላችሁ ቢሳሳትባችሁ፣ ስም አጥፊ ተብላችሁ የምትከሰሱት እናንተ ናችሁ።

«ሳያውቁ» የሚለው ቃል ደግሞ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። በሁለተኛው ቀን ባለሱቋ ራሷ ደወለች። እየጮኸች! «እኔ ለዚህ ድረ ገጽ ከፍዬበታለሁ! ደረሰኝ አለኝ! ፎቶና ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይካተታል ነው ያለኝ!» ለካስ ሴትየዋ አሮጌ ሱቅ አላት፤ ኢንተርኔት አታውቅም። ልጁ «ሙሉ አድርጌ እሠራልሻለሁ» ብሏት ሙሉ አድርጎ ሠራላት፣ በሰው ዕቃ። ሳታውቅ የሰው እናት ገዝታለች ማለት ነው። እሺ፣ ለዚህ ይቅር እንበላት። ግን እህቴ፣ ፎቶው ላይ ፈትል እያሳየሽ ፖሊስተር መላክስ? እሱንም ልጁ ነው ያደረገው? ዝም አለች። እኔ ይህችን ሴት ግማሽ ንጹሕ ብያታለሁ። በዕቃውና በፎቶው መካከል ያለው ልዩነት የሸማች ጉዳይ ነው። ለዚያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ።

ፎቶዎቹን በማግሥቱ አስነሳች። የእናትየው ታሪክ ግን አልተነሳም! እንዴት እንደሚነሳ አታውቅም፣ ልጁ ደግሞ ስልኩን ዘግቷል። ይሄኔ ነው እንግዲህ ከላይ ያለውን ባለቤት የምናንኳኳው። ማንኛውም ድረ ገጽ የሚያርፍበት ኮምፒዩተር አለ፤ ቦታውን የሚያከራየው ድርጅት ሆስት ይባላል። ማን እንደሆነ ዶሜኑን በሁይዝ መፈለጊያ በማየት ይጀመራል። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚገኘው፣ አትደንግጡ፣ የምንፈልገው የአከራዩን ነው። ያ ድረ ገጽ ያረፈው አሜሪካ ሆነ።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ዲኤምሲኤ የሚባል ሕግ አለ። ለአከራዩ «አንተ ጋ ያረፈው ይህ ገጽ የኔን ሥራ ይዟል» ብላችሁ በአግባቡ ስታስታውቁት ቶሎ ካነሳው ከተጠያቂነት ይድናል። ስለዚህ ለራሱ ሲል ያነሳዋል። ፎርሙን ታላቅየዋ ሞላችው። ጽሑፉን የጻፈችው እሷ ናት፣ ነዋሪነቷም እዚያው ነው፣ ተገቢዋ እሷ ናት። የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የተሰረቀው ሥራ የትኛው ነው? ቅጂው ያለበት ትክክለኛ አድራሻ? ስምና አድራሻችሁ፣ ያለ ፈቃድ መወሰዱን በቅንነት እንደምታምኑ፣ የሰጣችሁት መረጃ እውነት መሆኑንና የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪሉ መሆናችሁን በሐሰት መሐላ ተጠያቂነት ማረጋገጥ፣ ከዚያ ፊርማ። ድረ ገጹን በጠቅላላ «ሁሉም የኔ ነው» ማለት አይሠራም፣ ገጽ በገጽ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የምትሞሉት ስም ለዚያኛው ወገን ሊደርሰው ይችላል። ደግሞም ያኛው «የኔ ነው» ብሎ መልሶ ማመልከት ይችላል። ያኔ እናንተ ፍርድ ቤት ካልሄዳችሁ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ገጹ ይመለሳል። የሰውን ሥራ «የኔ ነው» ብላችሁ ሆን ብላችሁ ብትዋሹ ደግሞ ኪሳራው ወደ እናንተ ይዞራል። ተፎካካሪን ለማጥቂያ የሚጠቀሙበት አሉና ነው።

የነዚህ ጉዳይ በአራተኛው ቀን አለቀ። ገጹ ጠፋ። ከጉግል ፍለጋም እንዲወጣ ታላቅየዋ ሌላ ፎርም ሞላች። ጉግል ግን ከፍለጋ ውጤቱ ላይ ነው የሚያነሳው እንጂ ድረ ገጹን ራሱን አይነካውም። ብዙ ሰው ይሄን ይቀላቅላል። መጀመሪያ አከራዩ፣ ቀጥሎ ጉግል። ለነገሩ ጉግልን ችላ ማለትም አይገባም። ተመሳሳይ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ሲያገኝ አንዱን መርጦ ነው የሚያሳየው። ሌባውን የመረጠ ዕለት ባለቤቱ በገዛ ጽሑፉ ይደበቃል። ዴንቨር ያለችው ሙሽራ ስትፈልግ መጀመሪያ ያገኘችው ማንን ነበር?

እዚህ ጋ «እኛ ድረ ገጽ የለንም፣ የምንሸጠው በቴሌግራም ነው» የምትሉ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየጊዜው ትደውሉልኛላችሁ። ጫማ ሻጩ፣ ኬክ ጋጋሪዋ፣ ሶፋ ሠሪው፣ ሁሉም ፎቶው ተወስዷል። ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቲክቶክም፣ ቴሌግራምም የቅጂ መብት አቤቱታ ይቀበላሉ። አካሄዱ ያው ነው፤ ስክሪንሹት፣ ዋናው ፎቶ፣ ትክክለኛው አድራሻ። ዋናውን ፎቶ ከስልካችሁ አታጥፉ፣ የተነሳበት ቀን እዚያ ላይ ነው ያለው። ስማችሁን ፎቶው ላይ ስትጽፉ ደግሞ ጥግ ላይ አታድርጉት፣ በመቀስ ይቆረጣል። ቀሚሱ ላይ፣ ኬኩ ላይ አድርጉት፣ ሳስ አድርጋችሁ። ገጹን በቀኝ ክሊክ እንዳይቀዳ መዝጋት የሚባለው ነገር ግን ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። ስክሪንሹት የማያውቅ ሌባ የታለ? በወር አንድ ቀን ከጽሑፋችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጣችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ብትፈልጓት ይሻላል። ፎቶም በፎቶ ይፈለጋል፣ ሙሽራዪት እንዳደረገችው።

ከሠሪው ጋር ስትዋዋሉም አንዲት ወረቀት ትኑራችሁ። «ያስረከብኩህ ፎቶና ጽሑፍ የኔ ነው፣ ለሌላ አትሰጥም፣ ዶሜኑ በስሜ ነው» የምትል። ባለሱቋም ብትሆን «የምታስገባው ፎቶ ከየት ነው የመጣው?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ፎቶ ለሚያነሳላችሁም እንደዚያው። እኛ ሰዎች ለቤት ኪራይ ስንት ገጽ ውል እንፈራረምና ለሱቃችን በቃል እናስረክባለን።

ልጁስ? ልጁማ በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ላከ! እውነቴን ነው። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ የሰፈር ዕድር ዳኛ፣ እነ ልጅቷ ቤት ሄዱ። ታናሽየዋ በር ላይ ቆማ «ከ100 ሺህ ብር በታች አልነጋገርም» አለች። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ይሄኔ እናትየው ከውስጥ «ምንድነው እሱ?» አሉ። እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውም፤ ግፊታቸው እንዳይነሳ ብለው ልጆቻቸው ደብቀዋቸዋል።

ተነገራቸው። አንድ ልጅ የእርስዎን ታሪክ ወስዶ ለሌላ ሱቅ ሸጠው፣ እዚያ ሱቅ ላይ «እናታችን» ተብለው ተጽፈዋል ተባሉ። እናትየው ጥቂት ዝም አሉና ሳቁ።

«ታዲያ ሳላውቅ ሌሎች ልጆች ወልጃለሁ ማለት ነዋ! ንገሯቸው፣ መጥተው ይጠይቁኝ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ዕርቁ በቀጠሮ ተለያይቷል፤ ልጁ ከባለሱቋ የተቀበለውን እንዲመልስና ለዴንቨሩ ቀሚስ እንዲከፍል ተጠይቋል። «እሺ» ብሏል፣ እስካሁን ግን አልከፈለም። ማስረጃው በሙሉ ታትሞ ጠበቃው ጋ ተቀምጧል። እናትየው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ያ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ምን እንደሚል በአማርኛ ይነበብልኝ ብለው ይዘዋል።